«ክላሲካል» የሚባለው ቃል አልባ ሙዚቃ፡- ከካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች እስከ መሥሪያ ቤት አዳራሾች

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት፣ በሻይ ዕረፍት ሰዓት፣ በእንግዳ መቀበያ ክፍሎችና በዘጋቢ ፊልሞች ላይ ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃ መስማት የተለመደ ነው። ኅብረተሰቡ ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ በጥቅሉ «ክላሲካል» ብሎ ይጠራዋል። ይሁን እንጂ በዚህ አንድ ስም ሥር የተጠቃለሉት ሥራዎች በመሣሪያም፣ በስልትም፣ በተፈጠሩበት ዘመንም የተለያዩ ናቸው። የደራሲዎቻቸውና የተጫዋቾቻቸው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲጠቀስ አይሰማም።

ስለዚህ ሙዚቃ ለመናገር በአዲስ አበባ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ከካዛንቺስ የተሻለ መነሻ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አካባቢው ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ተቋም ሲሆን፣ «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች የሚለው አጠራር በሕዝቡ አንደበት ካዛንቺስ ሆኖ ቀርቷል። የመንግሥት ሠራተኞች መንደር ሆኖ የተጀመረው ይህ ሰፈር ከጊዜ በኋላ በአንድ ወገን የአፍሪካ አዳራሽንና ታላላቅ ሆቴሎችን፣ በሌላ ወገን ደግሞ የአዝማሪ ቤቶችን ጎን ለጎን ያስተናገደ ሆኗል። የሀገሪቱ ቃል አልባ ሙዚቃም በሁለቱም ወገን ሲደመጥ ኖሯል።

የዚህ ሙዚቃ መሠረት ባህላዊ መሣሪያዎች ናቸው። ባለ አንድ ጅማቱ ማሲንቆ፣ አምስት ወይም ስድስት ክር ያለው ክራር፣ ከመቃ የሚሠራው ዋሽንትና አሥር አውታር ያለው በገና እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባህርይና ቦታ አላቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተሰኙት አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፆችን የያዙ ሲሆኑ፣ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። አድማጭ አንድን ዜማ ያለ ግጥም «የትዝታ ነው» ወይም «የአምባሰል ነው» ብሎ ሊለየው የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እነዚህን መሣሪያዎች በአንድ መድረክ አሰባስቦ በማቀናበር ረገድ እ.ኤ.አ. በ1963 በትውልደ ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ የተመሠረተውና በኋላም በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ቀዳሚ ቦታ ይይዛል። ከዚያ በፊት በየብቻቸው ወይም ድምፃዊን በማጀብ ይሰሙ የነበሩት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ሌሎችም መሣሪያዎች በአንድነት ተቀናብረው እንዲደመጡ አድርጓል። የዋሽንቱ ተጫዋች ዮሐንስ አፈወርቅ ከቡድኑ ታዋቂ ባለሙያዎች አንዱ ናቸው።

የነሐስ መሣሪያዎች ታሪክም የራሱ ምዕራፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተሰኙት ወላጅ አልባ አርመናውያንና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለዘመናዊው የሙዚቃ ጓድ መስፋፋት ጉልህ ድርሻ አበርክተዋል። የማዘጋጃ ቤት፣ የፖሊስና የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍሎች የመሣሪያ ተጫዋቾች ማፍሪያ ሆኑ። ከእነዚሁ መካከል የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ በጦር ሜዳ ፉከራና በሽለላ የሚሰማውን የጀግና ድምፅ ወደ ሳክስፎን በማምጣት ይታወቃሉ። አርቲስቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ከዚህ ዓለም ቢለዩም፣ ሥራቸው ቃል ሳይኖር መፎከር እንደሚቻል ያስመሰክራል።

በጅማ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሙዚቃን ካጠኑ በኋላ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ስልት ጋር በማዋሐድ ኢትዮ-ጃዝን አስተዋውቀዋል። አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት አሥራ ሁለት ድምፅ ካለው የምዕራባውያን ስምምነት ጋር ሲያገናኙ ትልቁ ፈተና የቅኝቱ ጠባይ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነበር። የፈረንሣዩ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እትም አራተኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣና ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ከተሰሙ በኋላ፣ ይህ ሙዚቃ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አግኝቷል።

ከካዛንቺስ ጋር ቅርበት ያለው ደግሞ የዋልያስ ባንድ ታሪክ ነው። ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል በቋሚነት ይጫወት በነበረበት በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ በመታወጁ፣ ታዳሚው እስኪነጋ ከአዳራሹ ሳይወጣ ሙዚቃ እየሰማ ያድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመው «ቼ በለው» የተሰኘው አልበም የኃይሉ መርጊያን ኦርጋንና የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን አንድ ላይ የያዘ ሲሆን፣ በውስጡ የሚገኘው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» እስከ ዛሬ በበርካታ የውጭ ሀገር ባንዶች ይጫወታል። ኃይሉ መርጊያ በኋላ በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት በታክሲ ሹፌርነት ሠርተው፣ ቀደምት ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ ሲታተም ወደ ዓለም መድረክ ተመልሰዋል።

በፒያኖ ረገድ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ተጠቃሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸውን በጀርመን ያሳተሙት እማሆይ፣ ከሥራቸው የተገኘውን ገቢ ለችግረኞች ያውሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። ከኋለኛው ትውልድ ደግሞ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በቡልጋሪያ የተማሩት ግርማ ይፍራሸዋ የሀገር ቤት ዜማዎችን መሠረት ያደረጉ የፒያኖ ድርሰቶችን ያቀርባሉ።

ከዚህ በመነሳት መሥሪያ ቤቶች ሙዚቃን ለየዝግጅቱ ለይተው መምረጥ ይችላሉ። ተገልጋይ ወረፋ ለሚጠብቅበት ክፍል የእማሆይ ወይም የግርማ ፒያኖና ለስለስ ያለ ዋሽንት ይስማማል። ለዓለም አቀፍ እንግዶች አቀባበል የሙላቱ ኢትዮ-ጃዝና የዋልያስ ሥራዎች የሀገርን መልክ በሚገባ ያሳያሉ። እንደ አድዋ ላሉ የድል በዓላት የጌታቸው ሳክስፎን ተገቢ ነው። በገና ግን የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ በመሆኑ፣ ለራት ግብዣ ማጀቢያ ማድረግ ከቦታው ማውጣት ይሆናል።

ከምርጫው ባልተናነሰ ትኩረት የሚሻው የመብት ጉዳይ ነው። ግጥም ያለው ዘፈን በስንኙና በድምፃዊው ድምፅ በቀላሉ ይለያል፤ ባለቤቱም ይታወቃል። ቃል የሌለው ዜማ ግን ከአንድ ፊልም ወደ ሌላው፣ ከአንድ አዳራሽ ወደ ሌላው ስም ሳይዝ ይተላለፋል፤ ከጊዜ በኋላም ባለቤት የሌለው ይመስላል። የታወቀ ዘፈን ዜማ በመሣሪያ ብቻ ሲቀርብ ደግሞ ከተጫዋቹ በተጨማሪ የዜማው ደራሲም መብት እንዳለው ይዘነጋል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በስሙ የመታወቅ መብት እንዲኖረው ከመደንገጉም በላይ፣ በሕጉ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ሥራውን የማባዛት፣ ለሕዝብ የማሰማትና በብሮድካስት የማሰራጨት መብትን ለባለመብቱ ይሰጣል። የኢኮኖሚ መብቱም ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ይቆያል። አዋጁን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 በበኩሉ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበራት አማካይነት የሚሰበሰብበትን ሥርዓት አመላክቷል። በመሆኑም ዘጋቢ ፊልም የሚያዘጋጁ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች የተጠቀሙበትን ሙዚቃ ርዕስ፣ ደራሲና ተጫዋች መዝግበው ሊይዙ፣ ፈቃድ ሊጠይቁና በፊልሙ መጨረሻ ስማቸውን ሊያሰፍሩ ይገባል።

የጉዳዩን አጣዳፊነት ካዛንቺስ ራሱ ያሳያል። አካባቢው በ2017 ዓ.ም በተካሄደው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ መልኩን ቀይሯል። የውዝዋዜ ባለሙያው መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደጉት ፈንዲቃን ጨምሮ፣ ማሲንቆና ክራር ሲደመጡባቸው የቆዩ ነባር ቤቶች በቀድሞ ሥፍራቸው የሉም። ሕንፃ በካርታና በፎቶግራፍ ተመዝግቦ ይቆያል። ያልተቀዳና በኖታ ያልሰፈረ ግጥም የሌለው ዜማ ግን ከሚጫወተው ሰው ውጪ ሌላ መዝገብ የለውም። ደራሲውንና ተጫዋቹን በስም መጥራት በጀት የማይጠይቅ፣ ከእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሊጀመር የሚችል የቅርስ ጥበቃ ሥራ ነው።