የኩላሊት ሕሙማን ደም ሥር አጠባበቅና አመራረጥ

የኩላሊት እጥበት መሣሪያ ሥራውን በአግባቡ እንዲሠራ በየደቂቃው ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ደም ተቀብሎ፣ አጣርቶ መመለስ አለበት። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው ለአራት ሰዓት ያህል ይካሄዳል። ግሉኮስ የሚሰጥበት ተራ የክንድ ደም ሥር ይህን ያህል ደም አያቀርብም። ስለዚህ ለእጥበት ተብሎ የሚዘጋጅ መግቢያ ያስፈልጋል፤ እሱም ፊስቱላ፣ ሰው ሠራሽ ቧንቧ ወይም ካቴተር ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ከ1960 በፊት በእያንዳንዱ እጥበት አዲስ ደም ሥር መክፈት ግድ ስለነበር ሕክምናው ከጥቂት ጊዜ በላይ አይዘልቅም ነበር። በዚያ ዓመት በሲያትል ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነርና ባልደረቦቻቸው ክንድ ላይ ተተክሎ የሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ ሠሩ። በ1966 ደግሞ የኒውዮርኮቹ ብሬሺያና ቺሚኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር ምንም ባዕድ ነገር የማይፈልገውን ፊስቱላ አስተዋወቁ። ዛሬም በብዙ ሕሙማን ዘንድ ቀዳሚው ምርጫ እሱ ነው።

ፊስቱላ የሚሠራው ደም ወሳጁን ቧንቧ ከደም መላሹ ጋር በቀዶ ሕክምና በማገናኘት ነው፤ ቦታው ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው እምብዛም የማይጠቀምበት እጅ አንጓ አጠገብ ይሆናል። ከልብ በግፊት የሚመጣው ደም ወደ ደም መላሹ ሲጎርፍ ቧንቧው ይሰፋል፣ ግድግዳውም ይወፍራል፤ ውሎ አድሮም ወፍራሙን የእጥበት መርፌ ደጋግሞ የሚችል ይሆናል። ለዚህ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ጨርሶ ሳይሰፋ የሚቀርም አለ። የደረሰ ፊስቱላ ላይ ጣት ሲያርፍ የማያቋርጥ ንዝረት ይሰማል። ሕመምተኛው በየዕለቱ እየዳሰሰ ያረጋግጣል፤ ንዝረቱ ከጠፋ ደም ረግቶ ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። በዚያ ክንድ የደም ግፊት አይለካም፣ ለምርመራ ደም አይቀዳም፣ ተንተርሶ መተኛትም አይገባም።

ደም ሥሩ ቀጭን ለሆነ ሰው ሁለቱን ቧንቧዎች የሚያገናኝ ሰው ሠራሽ ቱቦ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። በሁለትና ሦስት ሳምንት ለሥራ ይደርሳል፤ ነገር ግን ከፊስቱላ ይልቅ ቶሎ ይዘጋል፣ ለኢንፌክሽንም ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ካቴተር የሚባለው ቱቦ በገባበት ቀን ያገለግላል፤ ጥቅሙ ይህ ነው፤ አደጋ ግን አለው። አንገት ላይ ገብቶ ጫፉ ልብ አጠገብ ስለሚያርፍ ጀርም በቀጥታ ወደ ደም የሚገባበት በር ይሆናል። ያም ሆኖ በአሜሪካ እንኳ አብዛኛው ሕመምተኛ እጥበት የሚጀምረው በካቴተር ነው፤ አንዱ ምክንያት ወደ ኩላሊት ስፔሻሊስት ዘግይቶ መድረስ ነው። ካቴተር ሲያስፈልግ የቀኝ አንገት ደም መላሽ ይመረጣል። ከአንገት አጥንት ሥር ያለው ግን አይመረጥም፤ ቱቦ ያረፈበት ቧንቧ ሊጠብና በዚያ ወገን ባለው ክንድ የሚሠራውን ፊስቱላ ሊያበላሽ ይችላል።

በ2019 የተሻሻለው የአሜሪካ መመሪያ ለሁሉም ፊስቱላ ይሠራ አይልም። ልቡ በጣም ለደከመ ወይም ብዙ ዕድሜ ለማይጠበቅለት አረጋዊ ካቴተር የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ውሳኔው ከሕመምተኛው ጋር ተመክሮበት ይወሰናል።

የምርጫው ትልቁ ክፍል ግን እጥበት ከመጀመሩ ዓመታት አስቀድሞ፣ ሕመምተኛው በሌላ ሕመም አልጋ ይዞ ሳለ ይፈጸማል። ብዙ ጊዜም ማንም ልብ አይለውም። ለረጅም ጊዜ መድኃኒት የሚሰጥበት፣ ከላይኛው ክንድ እስከ ልብ አጠገብ የሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ፣ በባለሙያዎች አጠራር ፒክ ላይን፣ ለነርሷም ለሕመምተኛውም ምቹ ነው። የሚያልፍበት ደም ሥር ግን ደም ሊረጋበትና ሊጠብ ይችላል፤ ያ ደግሞ ለፊስቱላ የሚፈለገው ሥር ነው። በ2015 የወጣ የባለሙያዎች መመሪያ የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ45 ሚሊ ሊትር በታች ለወረደ ሰዎች ፒክ ላይን እንዳይገባ ይመክራል። ሕክምናው ከአምስት ቀን የማይበልጥ ከሆነ ካኑላ የሚባለው አጭር ቱቦ በእጅ መዳፍ ጀርባ ይገባል፤ ከዚያ ለሚረዝም ሕክምና ደግሞ ከቆዳ ሥር ተሹለክልኮ አንገት ላይ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ይመረጣል።