አጭር ፊልም ከመቀረጹ በፊት፦ ስለ ተመልካች መጠናዊ ጥናት

በስደት አገር ጥቂት ወዳጆች ተሰባስበው የአሥር ደቂቃ ፊልም ለመሥራት ሲያስቡ አስቀድመው የሚመክሩት ስለ ካሜራና ስለ ገንዘብ ነው። የተመልካቹ ነገር «ሕዝባችንን እናውቀዋለን» ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። አንድ ልጅ በሐኪም ፊት ለእናቱ ሲያስተረጉም የሚያሳይ ፊልም ስናዘጋጅ የሐኪሙን እንግሊዝኛ ከግርጌ በአማርኛ ጻፍነው። በዕይታው ቀን ከእናቶቹ ገሚሶቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ የሌሎቹ ዓይን አልደረሰም። ወጣቶቹ ደግሞ እንግሊዝኛውን ያውቁታል፤ የቸገራቸው የእናትየዋ አማርኛ ነበር፤ ለእርሱ ግን ጽሑፍ አላዘጋጀንም። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ለመንገር የደከምንበት ፊልም፣ ሊነገራቸው ለሚገባቸው እናቶች ሳይደርስ ቀረ።

መጠናዊ ጥናት ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት መንገድ አቅርቦ መልሱን መቁጠር ነው። «አማርኛ ያውቃሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሁሉም «አዎን» ይላል። መስማት፣ መናገርና ማንበብ ተለያይተው ቢጠየቁ ኖሮ ስሕተታችን ከቀረጻው በፊት በተገለጠ ነበር። አማካይ ቍጥርም እንዲሁ ያታልላል፤ የተመልካቹ እኩሌታ የ15፣ እኩሌታው የ55 ዓመት ሰው ቢሆን አማካዩ 35 ይሆናል፤ በአዳራሹ ግን የ35 ዓመት ሰው አንድም የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ማንን እንጠይቅ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን መጠይቅ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና ላንደን ይመረጣል አለ፤ ሩዝቬልት ከ48ቱ ክፍላተ ግዛት 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው በአመዛኙ ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ መልስ ያልላኩትም ከላኩት የተለዩ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር መጠይቅ የምናድል እኛም ከዚህ አንርቅም፦ እሑድ የምትሠራዋ፣ ሙስሊሙ፣ ከማኅበር የራቀው ሁሉ ከቍጥር ውጭ ይቀራሉ። በቤተሰብ ስም ከመዝገብ መልቀም ለሌሎች ስደተኞች ይሠራ ይሆናል፤ የእኛ ሰው ግን የሚጠራው በአባቱ ስም ስለ ሆነ ባልና ሚስት እንኳ በመዝገብ አይገናኙም። ስለዚህ ከእድሩም፣ ከመስጊዱም፣ ከምግብ ቤቱም፣ ከታክሲ ተራውም መሰብሰብና ውጤቱ የማንን ድምፅ እንደማይዝ በግልጽ መጻፍ የተሻለ ነው።

ናሙናው በዕጣ የተመረጠ ከሆነ 100 ሰው መጠየቅ እስከ 10 በመቶ፣ 400 ሰው መጠየቅ እስከ 5 በመቶ ግድም ወዲያና ወዲህ የሚል ግምት ይሰጣል። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ሰው ያሻል ማለት ነው። ለአሥር ደቂቃ ፊልም ይህን ያህል መድከም አይገባም፤ የሚፈለገው ከሁለት መንገድ አንዱን ለመምረጥ የሚበቃ ዕውቀት ብቻ ነው።

ይሉኝታን ግን የትኛውም ቀመር አያርመውም። ፊልሙን የሠራው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «ወደዱት?» ቢል «በጣም ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልን» ከማለት በቀር ምን ይመለሳል? መጠይቁን ሌላ ሰው ይያዘው፤ ጥያቄውም ስለ መውደድ ሳይሆን ሁለት ጅምሮችን አሳይቶ የቱ ይቅደም የሚል ይሁን።

ረቂቁን መፈተን ሲያስፈልግ የካርል ሆቭላንድና የባልደረቦቹ ሥራ ዛሬም ይጠቅማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ያደረጉትንና በ1949 ያሳተሙትን ጥናት ማለቴ ነው። ስለ ብሪታንያ የአየር ውጊያ የተሠራውን ፊልም ያዩትን ወታደሮች ካላዩት ጋር ሲያስተያዩ፣ ያዩት ስለ ውጊያው እጅግ የተሻለ ዕውቀት አግኝተው ነበር፤ ለመዝመት ያላቸው ፈቃደኝነት ግን እምብዛም አልተለወጠም። የእኛይቱም እናት ሕጉን ዐውቃ ሳለ «ሰው አላስቸግርም» ብላ ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ትወስደው ይሆናል። እንግዲህ ተጠያቂዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ረቂቁን ለአንደኛው ወገን ብቻ ማሳየት፣ ከዚያም ሁለቱንም ወገን ስለ ሕጉ ብቻ ሳይሆን «በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ማን ያስተረጉምልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ነው።