በረዶ የቀረጸውን መሬት ለይቶ ማወቅ፦ ከእንጦጦ እስከ ባሌ



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድን ሸለቆ የቀረጸው የበረዶ ግግር መሆኑን በምን እናውቃለን? የበረዶ ግግር ስል በክረምት የሚጥለውን በረዶ ማለቴ አይደለም። ለብዙ ዘመን ተደራርቦና ተጨምቆ፣ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ቁልቁል የሚንሸራተተውን ግዙፍ ክምችት ማለቴ ነው።

ከቅርባችን እንጀምር። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የምናየው እንጦጦ ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ በእሳተ ገሞራ የተሠራ ነው። ቀበናና ቀጨኔ ወንዞች ከተራራው ሲወርዱ የሰረሰሯቸውን ሸለቆዎች ልብ በሉ፤ ጎኖቻቸው በግማሽ እንደተከፈተ መጽሐፍ ከታች ይገናኛሉ። ይህ የውኃ ሥራ ነው። 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው እንጦጦ ግግር ለማብቀል አልበቃም።

ባሌ ግን ሌላ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል፤ በመጨረሻው የበረዶ ዘመንም ከሳነቴ አምባ ዙሪያ ግግር ወደ ሸለቆዎቹ ይወርድ ነበር። እዚያ ስንሄድ አራት ምልክቶችን እንፈልጋለን።

አንደኛው የሸለቆው ቅርጽ ነው። ግግር ወለሉንም ጎኑንም አብሮ ስለሚፍቅ ሸለቆው «ሀ» ፊደልን ይመስላል። ሁለተኛው ሰርክ የሚባለው፣ መደገፊያ ያለው ወንበር የሚመስል ጎድጓዳ ነው፤ ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ ደፍ አለው። በቶጎና ሸለቆ ራስጌ፣ በ3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚገኘው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ የተኛው በእንዲህ ያለ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ሦስተኛው፣ ግግሩ በሥሩ ይዟቸው የሄደ ድንጋዮች በአለት ላይ የተዉት ትይዩ ጭረት ነው። አራተኛው፣ ግግሩ በመጣበት በኩል ለስላሳ፣ በሄደበት በኩል ግን የተቦጨቀ የአለት ጉብታ ነው።

ሆኖም እያንዳንዱ ምልክት ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። የመሬት መንሸራተትም ወንበር የሚመስል ጎድጓዳ ይተዋል። ስምጥ በሚሰነጥቃት አገራችን አለት ከአለት ሲፋተግም ትይዩ ጭረት ይወጣል። የስንጥቅ ጭረት ግን በዚያው በተሰነጠቀው ገጽ ላይ ብቻ ይቀራል፤ የግግር ጭረት ከአንዱ አለት ወደ ሌላው እየተሻገረ የሸለቆውን አቅጣጫ ይከተላል። ስለዚህ አንድ ምልክት ስናገኝ ሌሎቹን እንፈልግ፤ ከታችም ትልቁና ትንሹ ድንጋይ ከአፈር ጋር ሳይለይ የተቆለለበት፣ ሞሬን የሚባል የግግር ክምር መኖሩን እንመርምር።

ይህ ጥንቃቄ የምሁራን ቅንጦት አይደለም። በአየር ውስጥ በየ100 ሜትሩ ሙቀት በግምት 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። የጥንቱን ግግር ከፍታ በ500 ሜትር ብንስት፣ ያለፈውን ዘመን ሙቀት በ3 ዲግሪ ያህል እንስታለን። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በባሌ ፊንቻ ሃበራ ዋሻ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት መኖራቸውን ሲያሳይ፣ ግኝቱን ያገዘፈው ከአካባቢው በላይ ግግር መኖሩ በመሬቱ ምልክት መረጋገጡ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። የግግር ጎድጓዳ የጥንት ታሪክ ነው፤ የመንሸራተት ጎድጓዳ ግን ነገም ሊንቀሳቀስ ይችላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ሁለቱን አደባልቆ ካርታ ላይ ያሰፈረ ባለሙያ፣ ከገደሉ ሥር ላለ መንደር የሐሰት ዋስትና ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምመክረው፣ ከሩቅ ቅርጹን አይታችሁ ስም ከመስጠታችሁ በፊት ወርዳችሁ አለቱን ዳስሱ በማለት ነው።