ነጻ ሩጫ በሰው አገር

ሰው ለዕረፍት ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደማያውቀው አገር በሚሄድበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ለእንግዳ ተብሎ የተዘጋጀውን ነው። ቤተ መዘክሩን፣ ሐውልቱንና ገበያውን ገንዘብ ከፍሎ ይጎበኛል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያም ወደ አገሩ ይመለሳል። የአገሩ ሰዎች ግን በዕረፍት ቀናቸው የት እንደሚውሉ፣ እርስ በርሳቸው እንዴት ሰላምታ እንደሚለዋወጡ፣ ነፋሻ አየር ለመቀበልም የትኛውን መንገድ እንደሚመርጡ ሳያውቅ ይቀራል። ይህን ጉድለት ከሚሞሉት ነገሮች አንዱ የየአካባቢው ሕዝብ በየሳምንቱ የሚያዘጋጀው ነጻ ሩጫ ነው። በዚህ ምንባብ ከእነዚህ ሩጫዎች መካከል በስፋት የታወቀው ፓርክራን እንዴት እንደ ተጀመረ፣ እንዴት እንደሚካሄድና እንግዳ የሆነ ሰው በምን ዓይነት ሥነ ሥርዓት ሊካፈልበት እንደሚገባ እንመለከታለን። በምታነቡበት ጊዜ «ነጻ» የሚለውን ቃል በተለይ ልብ ብላችሁ ተከታተሉት፤ የምንባቡ ፍሬ ነገር በዚህ ቃል ፍች ላይ የተመሠረተ ነውና።

ይህ ሩጫ የተጀመረው ኦክቶበር 2 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. በለንደን ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው ቡሺ ፓርክ ነው። የጀመረው ፖል ሲንተን ሂዊት የሚባል ሯጭ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ጉዳት ደርሶበት እንደ ልቡ መሮጥ አይችልም ነበር። ይሁን እንጂ ከሯጭ ጓደኞቹ መለየት ስላልፈለገ፣ እነርሱ ሲሮጡ እርሱ ሰዓት ሊይዝላቸው፣ ከሩጫውም በኋላ አብሯቸው ቡና ሊጠጣ አሰበ። በመጀመሪያው ቀን የተገኙት ሯጮች 13 ብቻ ነበሩ። በእነዚያ የመጀመሪያ ጊዜያት የየሯጩን ተራ ለማወቅ ይታደል የነበረው ምልክት ከብረታ ብረት መሸጫ የተገዛ፣ ቁጥር የተመታበት ሮንዴላ ነበር። እንግዲህ ይህ ሩጫ የተመሠረተው በሚሮጥ ሰው ብርታት ሳይሆን፣ ለመሮጥ ባልቻለ ሰው አገልግሎት መሆኑን አስተውሉ። ዛሬ በሃያ ያህል አገሮች፣ ከ2000 በሚበልጡ ቦታዎች ይካሄዳል።

የሩጫው አካሄድ ቀላል ነው። ርቀቱ በየትም ቦታ 5 ኪሎ ሜትር፣ ዕለቱም ቅዳሜ፣ ጊዜውም ጧት ነው። ተካፋዩ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ብቻ በኢንተርኔት ይመዘገብና የራሱ ባር ኮድ ይሰጠዋል፤ ይህም ባር ኮድ ሩጫው በሚካሄድበት አገር ሁሉ ያገለግለዋል። ሮጦ ሲጨርስ ተራውን የሚያመለክት ምልክት ይቀበላል፤ ምልክቱና ባር ኮዱ ተያይዘው ይነበባሉ፤ የሮጠበትም ሰዓት በኋላ ተሰልቶ ይገለጽለታል። ባር ኮዱን ይዞ ያልመጣ ሰው ከመሮጥ አይከለከልም፤ ሰዓቱ ግን በስሙ አይመዘገብለትም። የሽልማት ገንዘብ የለም። የሚሮጠውም፣ የሚራመደውም፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋውም በአንድነት ይነሣሉ። ከሁሉም ኋላ የሚራመድ አንድ በጎ ፈቃደኛ ይመደባል፤ የዚህ ሰው ሥራ መጨረሻ ሆኖ መግባት ነው። በመሆኑም ከመንገድ የደከመው እንግዳ እንኳ «መጨረሻ ወጣህ» ተብሎ አያፍርም።

የመነሻው ሰዓት ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚለያይ እንግዳው አስቀድሞ ሊያጣራ ይገባል። በእኛ የሰዓት አጠራር በእንግሊዝ ከጧቱ 3 ሰዓት፣ በስኮትላንድ 3 ሰዓት ተኩል፣ ሙቀቱ በሚበረታበት በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ደግሞ ከጧቱ 1 ሰዓት ነው።

ሩጫው ለጎብኚ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም የቦታውን መልክ በእግር እያስኬደ ማሳየቱ ነው። በቡሺ ፓርክ የሚሮጥ እንግዳ አጋዘኖች በነጻነት ሲግጡ ያያል። በኤድንብራ ክራመንድ በሚባለው ሰፈር መንገዱ ሜዳ ሆኖ የባሕሩን ዳር ይዞ ይሄዳል፤ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ያታግላል፤ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ያግዛል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የሐይቆች ምድር ተብሎ በሚጠራው አገር በዊንላተር ደን ውስጥ ያለው መንገድ ግን አቀበትና ቁልቁለት ስለ ሆነ፣ ፍጥነቱን የሚመካበትን ሰው ትሕትና ያስተምራል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሩጫው በ2011 እ.ኤ.አ. በጆሃንስበርግ ዴልታ ፓርክ ተጀመረ፤ ያስጀመረውም ኮምሬድስ የተባለውን ረጅም ሩጫ ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈው ብሩስ ፎርዳይስ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ሁሉ እንግዳው ለመግቢያ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም።

አሁን ወደ ቃሉ ፍች እንመለስ። አንድ ነገር ነጻ ነው ስንል የሚጠቀምበት ሰው አይከፍልም ማለታችን ነው እንጂ ማንም አልደከመበትም ማለታችን አይደለም። በየቅዳሜው ጧት ማልዶ ተነሥቶ መንገዱን የሚፈትሽ፣ በመታጠፊያው ላይ ቆሞ አቅጣጫ የሚያመለክት፣ ሰዓት የሚይዝ፣ ባር ኮድ የሚያነብ ሰው አለ። ይህ ሰው ደመወዝ አይቀበልም፤ ያን ዕለትም ብዙ ጊዜ ሩጫው ይቀርበታል። ነገሩ በአገራችን ገበሬዎች ዘንድ ከሚታወቀው ወንፈል ጋር ይመሳሰላል። በወንፈል የጎረቤቱን እርሻ ያረሰ ሰው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ተራው ሲደርስ ጎረቤቱ መጥቶ እንደሚያርስለት ያውቃል። ሁሉም ተቀባይ ብቻ ቢሆን ወንፈሉ ይፈርሳል።

ይህ ግምት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ አጠገብ ሊትል ስቶክ በሚባለው መናፈሻ ይካሄድ የነበረው ሩጫ ከአካባቢው ምክር ቤት ጋር ክርክር ገጠመው። ምክር ቤቱ፣ መናፈሻውን ዘወትር የሚጠቀሙት ሯጮች ለመንገዱ ጥገና ሊያዋጡ ይገባል ሲል ክፍያ ወሰነ። አዘጋጆቹ በበኩላቸው ሩጫው በየትም ቦታ ለማንም ያለ ክፍያ መሆኑ መሠረቱ ስለሆነ ክፍያውን አንቀበልም አሉ። ውጤቱም በዚያ መናፈሻ ሩጫው መቅረቱ ነበር። ከሁለቱ ወገኖች የየትኛው ሐሳብ እንደሚያመዝን እናንተው ልትከራከሩበት ትችላላችሁ፤ አንድ ነገር ግን ከሁለቱም ንግግር ይገኛል። ይኸውም ነጻ የተባለው ሩጫ የሰው ጉልበትና የሕዝብ መንገድ የሚጠይቅ መሆኑ ነው።

እንግዲህ በእንግድነት የሚሮጥ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? አንደኛ፣ ቀደም ብሎ መድረስና ለአዲስ መጪዎች የሚሰጠውን ማብራሪያ ማዳመጥ አለበት። ሁለተኛ፣ መናፈሻው በሩጫው ጊዜ ለሌላው ሰው የማይዘጋ በመሆኑ ለሽማግሌዎች፣ ለሕፃናትና ለመንገደኞች ቦታ መልቀቅ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ ዕድሜው ከ11 ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት አብሮት ቢኖር፣ ልጁ ከአዋቂ ሰው አጠገብ ሳይለይ እንዲሮጥ የሚያዘውን ደንብ ማክበር አለበት። አራተኛ፣ የተቀበለውን የተራ ምልክት ኪሱ ውስጥ ይዞ እንዳይሄድ መጠንቀቅ ይኖርበታል፤ አንድ ምልክት ሲጎድል በጎ ፈቃደኞቹ ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መተካት ይኖርባቸዋልና። በመጨረሻም በመታጠፊያው ላይ ለቆመው ሰው በአገሩ ቋንቋ «አመሰግናለሁ» ማለት ትንፋሽ አያሳጥርም። በዚያ አገር ሁለትና ሦስት ቅዳሜ የሚሰነብት ከሆነ ደግሞ አንዱን ቅዳሜ ለአገልግሎት ቢሰጥ፣ ወንፈሉን መለሰ ማለት ነው።

በአጠቃላይ ሲታይ ይህ ዓይነቱ ሩጫ እንግዳን ከተመልካችነት ወደ ተካፋይነት ያሻግራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» እንደሚባለው፣ ለአንድ ሰው የሚከብደው ሥራ ብዙዎች ሲካፈሉት ይቀላል። እናንተም ወደ ሩቅ አገር የመሄድ ዕድል ባይገጥማችሁ፣ ይህን ሩጫ የመሠረቱት 13 ሯጮችና ሰዓት የያዙላቸው ጥቂት ሰዎች መሆናቸውን አስታውሱ። ይህን ያህል ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ይገኛል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በምንባቡ ውስጥ «ነጻ» የሚለው ቃል በምን በምን ፍች እንደ ገባ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።
2. ጸሐፊው ሩጫውን ከወንፈል ጋር ያመሳሰለው ለምንድን ነው? የሚለያዩበትስ ነገር አለ?
3. በሊትል ስቶክ ክርክር ከሁለቱ ወገኖች አንዱን ደግፋችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ ለእንግዳ ልታሳዩት የምትፈልጉትን 5 ኪሎ ሜትር መንገድ መርጣችሁ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለውን በቅደም ተከተል የሚገልጽ ድርሰት አዘጋጁ።