ከጣና ቻርት ላይ የሚሸሸው መስመር፦ ተረትና እውነታ

የጣና ሐይቅ የውሃ ከፍታ ባሕር ዳር ላይ መለካት ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በር ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀው የጨረጨራ ግድብ ደግሞ ውሃውን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1784 እስከ 1787 ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ይዞ ለመልቀቅ የተሠራ ነው። ስለዚህ የጣናን ከፍታ በኤክሴል ቻርት የሚያወጣ ሰው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪም ሆነ የውሃ ባለሙያ፣ 1784 ላይ አንድ፣ 1787 ላይ አንድ ቀይ መስመር ማስመር ይፈልጋል። ያሰምራልም። በማግስቱ ቻርቱ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ግን መስመሩ ከቦታው ወርዷል ወይም ወጥቷል፤ የክረምቱን ወራት ለማሳየት የተቀባው ሰማያዊ አራት ማዕዘንም ወደ ጎን ተገፍቷል።

ይህን እንደ ውበት ጉድለት ብቻ ቆጥሮ በማውስ ገፋ አድርጎ ማለፍ የተለመደ ነው። ግን ስሌቱን ልብ ይበሉ። ቋሚ ዘንጉ ከ1783 እስከ 1788 ሜትር የሚሄድ፣ ቁመቱም 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቻርት ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ማለት ግማሽ ሜትር ውሃ ነው። መስመሩ በ2 ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት ስሕተቱ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሆናል። የጣና ስፋት 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህች 10 ሳንቲ ሜትር 300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ናት። ለመርከብ ጉዞ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ከፍታ 1784.75 ሜትር እንደሆነ በጥናቶች ይጠቀሳል፤ ያ መስመር 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ከታየ፣ መርከብ መቆም የነበረበት ወር መርከብ የሚሄድበት ተደርጎ ይነበባል።

«ቻርቱ ላይ ስላሰመርኩት የቻርቱ አካል ነው።» ከሁሉም በላይ የተስፋፋው እምነት ይኸ ነው፤ ዓይን ስለሚያታልልም ለመንቀል ያስቸግራል። እውነቱ እንዲህ ነው። ከኢንሰርት ውስጥ ሼፕ ከመምረጥዎ በፊት ቻርቱን ክሊክ አድርገው ካልመረጡት፣ መስመሩ የሚያርፈው ሺቱ ላይ ነው። ከቻርቱ በላይ ይቀመጣል እንጂ ውስጡ አልገባም። የታሰረውም ከሥሩ ካሉት ሴሎች ጋር ነው፤ ኤክሴል ሳይነግሩት የሚሰጠው ምርጫ ከሴሎቹ ጋር እንዲንቀሳቀስና መጠኑም አብሮ እንዲለወጥ ነው። ዓምድ ሲሰፋ ወይም ረድፍ ሲጨመር መስመሩ ይለጠጣል። «ቻርቱም አብሮ ይለጠጥ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይለጠጣል፤ ነገር ግን የቻርቱ ፊደላት መጠናቸው ስለማይለወጥ፣ ውስጥ ያለው ግራፍ ከውጭው ሳጥን ጋር በእኩል መጠን አያድግም። መስመሩና ግራፉ የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው።

መለያው ቀላል ነው፦ ቻርቱን ይዘው ወደ ጎን ይጎትቱት። መስመሩ ባዶ ሺት ላይ ከቀረ ውጭ ነበር። በኮንትሮል ኤክስ ይቁረጡት፣ ቻርቱን ክሊክ ያድርጉ፣ በኮንትሮል ቪ ይለጥፉት፤ አሁን ገባ። ከዚያ ቦታውን ያስተካክሉ።

«ውስጡ ከገባማ ቁጥሩን ይከተላል።» አይከተልም። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው እላለሁ፤ መፍትሔ ያገኘን መስሎን ተዘናግተን የምንቀመጠው እዚህ ላይ ነውና። ቻርት ውስጥ የገባ ሥዕል ቦታው የሚመዘገበው ከቻርቱ ሳጥን ስፋትና ቁመት ስንት እጅ ላይ እንዳለ ተሰልቶ ነው። 1787 የሚባል ቁጥር አያውቅም። የሚያውቀው «ከላይ ወደ ታች ሲሶው ላይ ነኝ» የሚለውን ብቻ ነው።

የጣና ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በሰኔ 1995 ዓ.ም. የሐይቁ ከፍታ ከ1784.5 ሜትር በታች ወርዶ የመርከብ ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር። እንበልና የጥቂት ደህና ዓመታት መረጃ ብቻ ይዘው ቻርት ሠሩ፤ ውሃው በ1785.5 እና በ1787 መካከል ስለሚመላለስ ኤክሴል ቋሚ ዘንጉን ከዚያ ጥቂት ዝቅ ካለ ቁጥር ያስጀምረዋል። ቀዩን መስመር በዓይንዎ ለክተው 1787 ላይ አሳረፉ። ቀጥሎ የ1995ን ቁጥር ጨመሩ። ዘንጉ ራሱን አስተካክሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ በቻርቱ ላይ ያሉት ነጥቦች ሁሉ ቦታቸውን ይለውጣሉ፤ በእጅ የተሰመረው መስመር ግን ንቅንቅ አይልም። የተንቀሳቀሰው መስመሩ ይመስለናል እንጂ ከሥሩ የሸሸው ዘንጉ ነው።

ለጊዜው የሚያስታግሰው የዘንጉን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር በእጅ መወሰን ነው፤ ለጣና 1783 እና 1788 ይበቃሉ። የሚያድነው ግን መስመሩን ከሥዕልነት ወደ መረጃነት መለወጥ ነው። ከከፍታው ዓምድ ጎን አንድ አዲስ ዓምድ ይክፈቱ፤ ርእሱን «የላይኛው ወሰን» ይበሉት፤ በየረድፉ 1787 ይጻፉ። በሌላ ዓምድ 1784። ከዚያ ቻርቱን በቀኝ ክሊክ ነክተው ሴሌክት ዳታ በሚለው በኩል ሁለቱን ይጨምሩ፣ ቀይ ቀለም ይስጧቸው። ሥራው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ከዚህ በኋላ ዘንጉ ቢወርድ ቢወጣ፣ ፋይሉ አዲስ አበባ ቢከፈት ጎንደር፣ 1787 የሚሰመረው 1787 ላይ ነው።

«ግሩፕ ካደረግኳቸው አይለያዩም» የሚሉም አሉ። ግሩፕ አብሮ መጎተትን ያመቻቻል፤ ከቁጥሩ ጋር ግን ምንም አያስተሳስርም።

«ፕሪንተሩ ነው፣ ስክሪኑ ነው፣ ቫይረስ ነው» የሚለው እምነት ግማሽ እውነት አለው፤ ቫይረሱን ይተውት። ኤክሴል የዓምድን ስፋት የሚለካው በፋይሉ ዋና ፎንት የአንድ አኃዝ ወርድ ስለሆነ፣ ያም በስክሪኑ ነጥቦች ተጠጋግቶ ስለሚሰላ፣ ዙም ሲለወጥ ወይም ወደ ወረቀት ሲሄድ ሴሎቹ በጥቂቱ ይጠባሉ ይሰፋሉ። ሺቱ ላይ የተንሳፈፈ ሥዕልም ያንን ይከተላል። እኛ ዘንድ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ የፊደላችን ፎንት። ቻርቱን በኒያላ ጽፈው ኒያላ ወዳልተጫነበት ኮምፒውተር ቢልኩት ሌላ ፎንት ይተካዋል። በዊንዶውስ 10 ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ነውና ይህ ብርቅ አይደለም። «መስከረም» እና «ታኅሣሥ» በአዲሱ ፎንት ሰፋ ካሉ፣ የወራቱ ስሞች መጋጨት ይጀምራሉ፤ ኤክሴል ጋደም ያደርጋቸዋል፤ ቦታ ለማግኘትም ግራፉን ወደ ላይ ይጨምቀዋል። የ1787 ነጥብ ተነሥቶ ሄደ ማለት ነው፣ ማንም ሳይነካው። ሊብሬኦፊስ ውስጥ ሲከፈትም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል። ቻርቱ የሚታረም ካልሆነ በፒዲኤፍ መላክ፣ ወይም ወርድ ላይ በሥዕልነት መለጠፍ ጣጣውን ይቆርጣል።

ሰማያዊውን የክረምት አራት ማዕዘን ብዙ ሰው ጌጥ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ለጣና ግን ትርጉም የሚሰጠው እሱ ነው። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ሐይቁ ግን ጫፍ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡትን ለማጠራቀም ጊዜ ይወስድበታል። አራት ማዕዘኑ አንድ ወር ወደ ቀኝ ቢገፋ ይህ መዘግየት ይጠፋል፤ አንባቢው ሐይቁ ከዝናቡ ጋር እኩል ይሞላል ብሎ ይረዳል። ስለዚህ እሱንም መረጃ ያድርጉት፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ቁጥሩ 1፣ በሌሎቹ ወራት 0 የሆነ ዓምድ፣ በሁለተኛ ዘንግ ላይ በባር ቻርት፣ በባሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ዜሮ፣ ቀለሙ ሳሳ ያለ። የሁለተኛውን ዘንግ ከፍተኛ ቁጥር 1 ላይ መወሰን አይርሱ።

በቀኑ ላይ ደግሞ የእኛው የዘመን አቆጣጠር የሚፈጥረው ወጥመድ አለ። ኤክሴል የሚያነበው በፈረንጆቹ ነው። በአሜሪካ አጻጻፍ በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ ቀኑን አስቀድመው ጥቅምት 5ን 5/2/2016 ብለው ቢጽፉ፣ ሜይ 2 አድርጎ ይወስደዋል። ጥቅምት 30 ግን 30/2/2016 ሲባል ቀን መሆኑ ቀርቶ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ሴሉ ውስጥ ወደ ግራ ይለጠፋል፤ ወርን አስቀድመው ቢጽፉትም ፌብሩዋሪ 30 የለውምና ያው ነው። ጳጉሜን 5፣ 5/13/2016 ተብሎ ከተጻፈ ሜይ 13 ይሆናል። እንዲህ የተቀላቀለ ዓምድ ላይ ምንም ሥዕል ቦታውን ሊይዝ አይችልም፣ ነጥቦቹ ራሳቸው ቦታቸው ላይ የሉምና። በወር የሚሠሩ ከሆነ የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ፤ በቀን የሚሠሩ ከሆነ ወደ እ.ኤ.አ. ለውጠው ያስገቡ፣ የእኛን ቀን በጎን ባለው ዓምድ ይያዙ።

ፋይሉን ከመላክዎ በፊት አንድ ፈተና ያድርጉ። የቋሚ ዘንጉን ከፍተኛ ቁጥር ከ1788 ወደ 1790 ይለውጡና ቻርቱን ይመልከቱ። ከፍታን ከሚያሳዩት መስመሮችና ቀስቶች መካከል ከግራፉ ጋር ዝቅ ያለው ሁሉ ከመረጃው ጋር ታስሯል፤ ባለበት የቀረው በእጅ የተሣለ ነው። በኮንትሮል ዜድ ዘንጉን ይመልሱና የቀሩትን አንድ በአንድ ወደ ዓምድ ያዙሯቸው።