ታካሚው ደህና ሳለ የሚጻፍ ዕቅድ

ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሐሳቡን አስተካክሎ መናገር ባቃተው ሰዓት ነው። የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው፣ ለማን መደወል እንደሚሻል፣ ልጆቹን ማን እንደሚይዝለት ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ያን ዕለት ግን የሚጠይቀው የለም፤ ቢናገርም የሚያምነው ጥቂት ነው።

በእንግሊዝ አገር የተሞከረው የጋራ የቀውስ ጊዜ ዕቅድ የመጣው ለዚህ ችግር ነው። ታካሚው ደህና በሆነበት ወቅት ከሐኪሙና ክትትሉን ከሚያስተባብርለት ባለሙያ ጋር ይቀመጣል፤ ከፈለገም አስታማሚውን ወይም ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ውይይቱን የሚመራው ከሕክምና ቡድኑ ውጭ የሆነ ሰው ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐኪም ፊት ተቀምጦ «ይህ መድኃኒት ጎድቶኛል» ለማለት ብዙ ሰው ይፈራል። ሕመሙ ሊያገረሽ ሲል የሚታዩት ምልክቶች፣ ታካሚው የሚመርጠውና የማይፈልገው ሕክምና፣ እሱ ሆስፒታል ሲተኛ ቤቱን የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይጻፋል። ምን ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ታካሚው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት 160 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለ15 ወራት ተከታተለ። ዕቅዱ ከቀረበላቸው 80 ሰዎች ያለፈቃዳቸው በሕግ ሆስፒታል እንዲገቡ የተደረጉት 10 ነበሩ፤ ከሌሎቹ 80 ደግሞ 21።

ተስፋው ትልቅ ነበር። ነገር ግን በ2013 የታተመው፣ 569 ታካሚዎችን ያሳተፈው ሰፊ ሙከራ ያንን ልዩነት አላገኘም።

ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲያጣሩ፣ በርካታ ባለሙያዎች «ይህንንማ ድሮም እንሠራዋለን» ብለው ስብሰባውን እንደ ተራ የቢሮ ሥራ ማየታቸውን ደረሱበት። ቀውሱ ሲመጣም ዕቅዱን አውጥቶ የተመለከተው ጥቂት ነበር። እንዲያም ሆኖ ዕቅድ የነበራቸው ታካሚዎች ከሚከታተሏቸው ባለሙያዎች ጋር ያላቸው ግንኙነት ተሻሽሏል። ስለዚህ ሐሳቡን ከንቱ ነው ብሎ መጣል ስህተት ይመስላል፤ የጎደለው የተጻፈውን በተግባር ላይ የሚያውል ሰው ነው።

እንግዲያው ባለሙያዎቹን ማሠልጠን ይበቃ ይሆን? በዚያው አገር 36 የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ቡድኖች በተሳተፉበት ሌላ ሙከራ፣ ከአሠልጣኞቹ መካከል ታካሚዎችና አስታማሚዎች ራሳቸው ነበሩበት። ሠልጣኞቹ ትምህርቱን ወደዱት። ከስድስት ወር በኋላ ግን ታካሚዎቹ በሚያገኙት ድጋፍ ላይ ጎልቶ የወጣ ለውጥ አልተለካም፤ ሠልጣኞቹ የተመለሱት ወደዚያው የሥራ ጫናና የቅጽ ክምር ነበር።