ምስጋናም ሰፈር አለው

ካዛንቺስ ከፈረሰች ወዲህ እድሩ፣ ማኅበሩና ‹‹ተመስገን›› የት ገቡ?

የአዲስ አበባ ሁለተኛው ዙር የኮሪደር ልማት በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ካዛንቺስ ሲደርስ ነዋሪው ቤቱን ለመልቀቅ ያገኘው ጊዜ አጭር ነበር። አልጋውም ቁም ሣጥኑም ባለቤት አለው፤ መኪና ላይ ይጫናል፣ አዲሱ ቤት ደጃፍ ላይ ይወርዳል። የእድሩ ድንኳን፣ ብረት ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ግን የአንድ ሰው አይደሉም። ከአባላቱ ከፊሉ ወደ ገላን ጉራ፣ ከፊሉ ወደ ኮንዶሚኒየም፣ ከፊሉ ዘመድ ወዳለበት ሲበተን ድንኳኑ ከማን ጋር ይሂድ?

ጥያቄው የዕቃ ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም በክፉ ቀን እምነትና ምስጋና በምን ጸንተው እንደሚቆሙ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው መነሻው እዚህ ላይ ነው። በመከራ ጊዜ ‹‹ተመስገን›› ማለት የግል ጥንካሬ ተደርጎ ይሰበካል፤ የበረታ ያመሰግናል፣ የደከመ ያማርራል እንደ ማለት። የካዛንቺስና የምትገኝበት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ኑሮ የሚመሰክረው ሌላ ነው። የዚያ ሰፈር ሰው ሲታመም በሩን የሚያንኳኳ፣ ሲሞትበት ድንኳን የሚተክል፣ ሲሳካለት አብሮት እልል የሚል ሰው ነበረው። ምስጋናው የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ከስስ ግድግዳ ጀርባ

ካዛንቺስ የተቆረቆረችው በጣልያን ወረራ ዘመን ለቅኝ ገዥው መንግሥት ሠራተኞች በተሠሩ ቤቶች ሲሆን፣ ስሟንም የወረሰችው ከዚያው የቤቶች ተቋም ነው። ጣልያን ወጥቶ ሀገር ከተረጋጋ በኋላ ሰፈሩ ሁለት መልክ ያዘ። በአንድ ወገን የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት። በሌላው ወገን ከአዳራሹ የእግር መንገድ ርቀት ላይ የጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው በቀሉ።

ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገበት አዋጅ ቁጥር 47/1967 እነዚህን ቤቶች የቀበሌ ቤት አደረጋቸው። ኪራያቸው በጣም አነስተኛ ስለነበር ድሃው ከመሀል ከተማ ሳይወጣ ኖረ። ቤቱ ግን እያረጀ ሄደ። ጣሪያው አፈሰሰ፤ መጸዳጃው፣ ግቢውና ቧንቧው የጋራ ሆነ፤ የጎረቤት ሳል በግድግዳ ያልፍ ነበር። ያን ድህነት ማሞገስ አይገባም፤ የሽንት ቤት ወረፋ የጠበቀ ሰው አያሞግሰውም። ይሁንና ያው ስስ ግድግዳ ማን እንደታመመ፣ የማን ምድጃ እንዳልጨሰ ይናገር ነበር። ጎረቤት ችግሩን ሳይነገረው ያውቅ ነበር፤ ለችግረኛም ሳይለምን መረዳት ትልቅ ክብር ነው።

ካዛንቺስ የምትታወቀው በለቅሶና በጸሎት ብቻ አልነበረም። አዝማሪ ቤቶቿ ሲያመሹ የሰፈሩን ደስታና ብሶት በአንድ መሰንቆ ያወጡ ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በሽልማት ገንዘብ እየጨፈረ ያደገበትን ፈንድቃ አዝማሪ ቤትን በኋላ ገዝቶ የባህል ማዕከል አደረገው። እሱም በ2017 ዓ.ም. ከፈረሱት አንዱ ሆነ፤ ሥራውን የቀጠለው መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለ ሆቴል ውስጥ ነው።

የፈራችው እናት

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በመኮንኑ ፊት ቀርበው አንክድም በማለታቸው ወደ ፈላ ውኃ እንዲጣሉ ተፈረደባቸው። ሐምሌ 19 በየዓመቱ የሚታሰበው ቅዱስ ገብርኤል ከዚያ ያወጣቸው ዕለት ነው።

በታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፈጠን ተብሎ የሚታለፍ ነገር አለ፤ ኢየሉጣ የሚፈላውን ስታይ ፈርታ ነበር። ያበረታት አጠገቧ የነበረው ልጇ ነው። የብዙ ምእመን እምነት እንደ እርሷ ነው። ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለ ሰው እጁን ይይዘዋል። በቂርቆስና በካዛንቺስ ይህ አጠገብ የመሆን ሥራ በደንብ የተደራጀ ነበር። የጽዋ ማኅበሩ በወር ከቤት ቤት ይዞራል፤ ጽዋው የደረሰው አባል ጠላውንና ዳቦውን ያሰናዳል፣ የቀረ አባል ይጠየቃል። ሰንበቴው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቀመጣል። በወር በ22 ቀን ኡራኤል ደጅ ስእለቷ የሰመረላት ሴት ጧፍና ዣንጥላ ይዛ ትመጣለች፤ ስእለቱ ሲነገር የማያውቃት ሕዝብ ሁሉ እልል ይልላታል። ሙስሊሙ ጎረቤትም ሰደቃውን ያወጣል፣ ዱዓው ላይ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይበላል። ምስጋናው ምስክር ነበረው።

የእድሩ ሥራ

አዲስ አበባ ውስጥ የእድር ታሪክ ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ይመለሳል። ከየሀገሩ መጥቶ ከዘመድ የራቀ ሰው ‹‹ብሞት ማን ይቀብረኛል?›› ለሚለው ጭንቀቱ ያገኘው መልስ ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ጥሩምባ ሲነፋ ሀብታሙም ድሃውም አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ እድር ሲታቀፉ የሥጋው ድስት ይለያያል፣ ሐዘኑ አይለይም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ በመዋጮ ደብተር ይታያል።

እድሮች ትልቁን ፈተና የተጋፈጡት ኤች አይ ቪ ኤድስ ከተማዋን ባራቆተባቸው ዓመታት ነው። ካዝናው በቀብር ወጪ ተራቆተ። ያን ጊዜ በብዙ እድሮች ውስጥ አንድ ክርክር ተነሣ፤ ሰውን ሲሞት ከመቅበር በሕይወት ሳለ መርዳት አይሻልም ወይ? ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ የጀመሩ ነበሩ። የምስጋና አሳብም በዚያው አደገ። ‹‹ቀባሪ አያሳጣኝ›› ይል የነበረ ሰው ‹‹ጠያቂ አላሳጣኝም›› ለማለት በቃ።

ሁለተኛው ፈተና ኮሮና ነው። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገኝና መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ለቅሶ መድረስ ራሱ አደጋ ሆነ። ካህናት ማዕጠንት ይዘው በየመንገዱ አጠኑ፤ የሃይማኖት ተቋማት በቴሌቪዥን በጋራ ጸለዩ፤ የሚያዝያ 11ዱ ፋሲካ በየቤት ታሰበ፤ ረመዳንም ያለ ጀመዓ ሶላት ገባ። ያ ወቅት በግልጽ ያሳየው ነገር ቢኖር ጸሎት በሩቅ ሊደርስ እንደሚችል፣ ማጽናናት ግን ሩቅ ሲሆን እንደሚከብድ ነው። ወረርሽኙ ሲያልፍ ሰው ተመልሶ ጎረቤቱን አገኘ፤ ሰፈሩ ስፍራው ላይ ነበርና።

ሰፈሩ ሲነሣ

በ2017 ዓ.ም. የሆነው የሚለየው ሰፈሩ ራሱ በመነሣቱ ነው። ቢሆንም የሰፈር መነሣት ለካዛንቺስ አዲስ አይደለም። በካዛንቺስ ዙሪያ በ1990ዎቹም መልሶ ማልማት ተካሂዶ ሰው ወደ ከተማዋ ዳር ወጥቷል። የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪው ገብሬ ይንቲሶ ከመሀል አዲስ አበባ ስለተነሱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ባሳተሙት ጥናት፣ ተነሺዎቹ ደንበኞቻቸውን እንዳጡ፣ ለትራንስፖርት እንደተዳረጉ፣ ከሁሉም በላይ በችግር ጊዜ የሚደጋገፉበት ትስስር እንደተበጠሰባቸው ጽፈዋል። ሰፈሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ ይህ ትምህርት ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

የከተማ አስተዳደሩ ነዋሪው ለጤና ከማይመች ቤት ወጥቶ የተሻለ መኖሪያ ማግኘቱን ይናገራል። የቀበሌ ቤት ተከራዮች ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም እንደተሰጣቸው፣ ገላን ጉራም ከመኖሪያው ጋር አገልግሎት መስጫ እንደተሠራለት ይገልጻል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በበኩሉ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ከኮሪደር ልማቱ ጋር የተያያዘ በግዳጅ ማፈናቀል እንዲቆም ጠይቋል። በተነሺው ቤት ውስጥ ሁለቱም ስሜት አብሮ ይኖራል። የራሱን መጸዳጃና የማያፈስ ጣሪያ ስላገኘ ከልቡ ተመስገን የሚል ሰው፣ በዚያው ቀን ገበያው፣ ንስሐ አባቱና የእድሩ ዳኛ ስለራቁት ያዝናል።

ሐዘኑን እንደ ክህደት የሚቆጥሩ አሉ። ‹‹ቤት ተሰጥቶህ ምን ታማርራለህ?›› የሚለው ወቀሳ ምስጋናን አፍ መዝጊያ ያደርገዋል። ይህ በሃይማኖቱም ዘንድ መሠረት የለውም። ኢዮብ አመስግኗል፤ የተወለደባትን ቀንም ረግሟል፤ መጽሐፉ ሁለቱንም አልደበቀም። ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና የቢሮ ኃላፊን ከተጠያቂነት አያድነውም።

ሕጉ ራሱ ጉዳቱን ያውቀዋል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከንብረት ካሳ ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳ አስገብቷል። ጎረቤት መጥፋቱ በሕግ እንደ ኪሳራ መቆጠሩ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ካሳው በየተነሺው ይከፈላል፤ የፈረሰው ትስስር ግን የጋራ ነው። መቶ አባወራ የየድርሻውን ቢቀበል መቶ ኪስ ይሞላል እንጂ አንድ እድር አይተከልም።

ምን ይደረግ?

ቀጣዩ ሰፈር ከመነሣቱ በፊት የከተማ አስተዳደሩ ቤት እንደሚቆጥር ሁሉ እድርና ማኅበር ይቁጠር። አንድ ጥሩምባ የሚሰሙ ሰዎች በተቻለ መጠን አንድ ብሎክ ይመደቡ፤ ለድንኳን መትከያና ለዕቃ ማስቀመጫ የሚሆን ቦታ በአዲሱ መንደር ፕላን ላይ ይካተት። ወጪው ከመንገዱና ከመብራቱ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

እድሮችም ገንዘባቸውን ተካፍለው ለመበተን አይቸኩሉ። ራቅ ያለው አባል ቅጣት ተነሥቶለት በመዋጮ ይቆይ፤ በአዲሱ መንደር ለሚመሠረተው እድር ደግሞ የመግቢያ ክፍያው ባዶ እጁን ለመጣ ሰው ይቅለል። የሃይማኖት አባቶችም ‹‹ታገሡ›› ከማለት አልፈው ምእመናቸው የት እንደደረሰ በስም ዝርዝር ይከታተሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ከካዛንቺስ ወይም ከሌላ ከተነሣ ሰፈር የሄደ ጎረቤት ካለህ አድራሻውን ፈልግ። በዓል ሲደርስ ደውል፣ ለቅሶ ከሰማህ ታክሲ ተሳፍረህም ቢሆን ድረስ። እርሱ በአዲሱ ቤቱ ‹‹ተመስገን›› እንዲል የምትፈልግ ከሆነ፣ ከሚያመሰግንባቸው ነገሮች አንዱ አንተ ሁን።